ያልበራው ጠርዝ

ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለአባቴ ለመሪጌታ ሙላቴ
ጋፋት

አባየ፣ እንደምን ሰነበቱ? እማየስ እንዴት ናት? «እኛ ደህና ነን» ብየ ልጀምር ነበር። እርስዎ ግን በሾፌሩ በአስናቀ እጅ በላኩት ወረቀት «ደህና ነን የሚለውን ተይውና የልጄን እግር ይቆርጡታል ወይስ አይቆርጡትም? እሱን ንገሪኝ» ስላሉኝ እንደ ትእዛዝዎ አደርጋለሁ።

ገና አልቆረጡትም። የሚደክሙትም ላለመቁረጥ ነው። ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ላይ ባጃጁ ተገልብጦ የተጫነው ቦታ፣ ከጉልበቱ በታች፣ አጥንቱ ገጥሟል። ግን የሚሸፍነው ሥጋ የለውም፤ አጥንት ደግሞ እንደዚያ ተራቁቶ ሊቆይ አይችልም አሉኝ። ስለዚህ ከጭኑ ላይ ሥጋ ከነቆዳውና ከነደም ሥሩ አንሥተው እዚያ ይተክሉታል። ሥጋው ከያዘ የወንድሜ የዘላለም እግር ይድናል። ሥጋው ከሞተ ከጉልበቱ በታች ይቆረጣል። ይኸው፣ አልደበቅሁዎትም።

«የተተከለው ሥጋ በሕይወት መኖሩን በምን ያውቁታል?» ላሉኝ፣ እኔም ዶክተር ፋሲካን የጠየቅኋት ይህንኑ ነው። ቀዶ ጥገናውን የምትሠራው እሷ ናት። በደም ሥሩ አንድ አረንጓዴ መድኃኒት ይሰጡታል፤ መድኃኒቱ ከደሙ ጋር ይዞራል። ከዚያ መብራት ቀንሰው በሥጋው ላይ ካሜራ ይይዛሉ። ደም የደረሰበት ሥጋ በቴሌቪዥኑ ላይ ይበራል፤ ያልደረሰበት ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በዓይን ቢያዩት ሁለቱም አንድ ዓይነት ሥጋ ነው አለችኝ። የጠቆረውን እዚያው ቆርጠው ይጥሉና የበራውን ብቻ ይሰፉታል። ከሰፉት በኋላም ከተጠራጠሩ ደግመው ያዩታል። መድኃኒቱ ይጎዳዋል ወይ ብላትም አይጎዳውም፣ ቶሎ ከሰውነቱ ይወጣል አለችኝ።

እማየ ምን ያህል እንደምታውቅ ይጻፉልኝ። የሚያነቡላት እርስዎ ቢሆኑም እሷ ፊትዎን አይታ የምታነበው ሌላ ደብዳቤ እንዳለ አውቃለሁ። ጽሑፌ ስለ ተበላሸ ይቅርታ፤ ኮሪደር ላይ ጉልበቴን ጠረጴዛ አድርጌ ነው የምጽፈው። ስልኩ በእናንተ በኩል እስኪከፈት ድረስ ያለን የአስናቀ አውቶቡስ ነው፤ እሱም መንገድ ሲከፈት።

ልጅዎ አመተማርያም


ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጋፋት

ለልጄ ለአመተማርያም

እመቤታችን ከሁለታችሁም አትለይ። ወረቀትሽ ደርሶኛል። አልደበቅሽኝምና እግዜር ይስጥሽ። እንደ እውነቱ ከሆነ ካነበብሁት በኋላ ብትደብቂኝ ይሻለኝ ነበር አልሁ። ሰው የጠየቀውን ሲያገኝ እንዲህ ነው የሚሆነው።

እናትሽ ምን ያህል ታውቃለች ላልሽው፣ ግማሹን ነግሬያታለሁ። ከጭኑ ሥጋ አንሥተው እግሩ ላይ ይተክሉለታል አልኋት። «ባይይዝስ?» አለችኝ። ተማሪዎቼ ይጠብቁኛል ብየ ወጣሁ። ተማሪዎቹ ያን ዕለት ለጤፍ ዘር እገዛ ሄደው ጉባኤ ቤቱ ባዶ ነበር፤ እናትሽ ጥሩወርቅም ይህን ታውቃለች። ስለዚህ የቀረውን ግማሽም ሳታገኘው አትቀርም።

ሥጋ ይበራል ያልሽውን ደጋግሜ አነበብሁት፤ አልገባኝም። የሐኪሟ ስም ግን ደስ አሰኝቶኛል። ፋሲካ ተብላ ክፉ እጅ አይኖራትም። ልጅ እግር ከሆነች ግን አንድ ሽማግሌ ሐኪም አጠገቧ ይቁም በይልኝ። እንዳትቆጣ አድርገሽ ነው ታዲያ የምትነግሪያት።

እዚህ የሚያገኘኝ ሁሉ «ዲያቆኑ መቼ ይመጣል?» ነው። ቅዳሴ ላይ የእሱን ድምፅ ስለ ለመድሁ የሌላው ልጅ ንባብ ያስቆጣኛል፤ ልጁ ምን በደለኝ? ፍልሰታ ሊገባ ነው፤ ሱባኤ ልይዝለት አስቤያለሁ። ለእሱ የምለውን በወረቀት አላሰፈርሁትም። ለአስናቀ በቃል ነግሬዋለሁ፤ ለብቻው ያድርስለት። የአባትና የልጅ ነገር ነውና አትመርምሪ።

አባትሽ ሙላቴ


ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

አባየ፣

በራ!

ሰላምታውን በኋላ አደርሳለሁ፤ ይህን አስቀድሜ ካልነገርሁዎት እጄ አይታዘዘኝም። ቀዶ ጥገናው ተሠርቷል። ጠዋት አስገብተውት ማምሻውን ነው የወጣው። ዶክተር ፋሲካ ጭንብሏን ሳታወልቅ ጠራችኝና በስልኳ የቀረጸችውን አሳየችኝ። መጀመሪያ ጥቁር ነው፤ ምንም የለም። ቆይቶ መካከሉ ላይ አንድ ነጭ ነገር ብቅ አለ፤ ከዚያ ቅርንጫፍ እያወጣ እስከ ዳር ድረስ ሄደ። «ይኸ የወንድምሽ ደም ነው» አለችኝ። እኔም እንደ ሞኝ ስልኳን ሳምሁት። ሳቀችብኝ። ልጅ እግር አይደለችም፣ ፀጉሯ ሸብቷል፤ ስለዚህ ስለ ሽማግሌው ሐኪም ሳልነግራት ቀረሁ።

አንዷ ነርስ ከአንዷ እየተቀበለች ሥጋውን ትነካዋለች፣ ቀለሙን ታያለች፣ በመሣሪያ ደሙን ታዳምጣለች። እኔ እሷ ፊት ላይ ነው የማየው። ቅንድቧን ያነሣች እንደሆነ ተነሥቼ እቆማለሁ። ትናንት ግሉኮሱን ነቅለውለታል፤ ከእንግዲህ በደንብ ይብላ፣ በደንብ ይጠጣ አሉ። እማየ «እህል ይቀምሳል ወይ?» ብላ በአስናቀ ላስጠየቀችው፣ ሽሮውንም ምስሩንም አመጣለታለሁ፤ ሳህኑ ባዶውን ነው የሚመለሰው። የፍስክ ምግብ አልነካም ብሏል፤ እኔም ስለዚያ አልተከራከርሁትም።

አትመርምሪ ስላሉኝ የአስናቀን መልእክት አልጠየቅሁም። ብቻ ጆሮው ላይ ተደፍቶ ሲያንሾካሹክለት አይቻለሁ። ዘላለም ራሱን ነቀነቀና ጣሪያውን ሲያይ ዋለ።

ልጅዎ አመተማርያም


ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጋፋት

ለልጄ ለአመተማርያም

የፈለግነውን የሰጠን አምላክ ይመስገን። ወረቀትሽን ለእናትሽ ሳነብላት «በራ» የምትለዋን አስደገመችኝ። ከዚያ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አስደገመኝ። ጉሮሮየ እስኪነቃ አነበብሁ።

መልእክቱ ምን ነበር ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ መጠየቅ እንደ ፈለግሽ ግን ገብቶኛል። አሁን ነገሩ ከሰመረ ልንገርሽ። ሱባኤ ያዝ አልሁት። «እግርህን የምታድንልህ እመቤታችን ናት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም እንዳትቀምስ፤ ከዚያም ጥሬ ቆርጥመህ እደር። ሐኪሞቹ ብላ፣ ጠጣ ቢሉህ እሺ በላቸውና ያንተን ያዝ» አልሁት። ለአንቺ ያልነገርሁሽ በሆድሽ ስለማትችይ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጾም ሲይዝ ተደብቀሽ የምታበይው አንቺ ነሽ።

ይኸው ሥጋው በራ። ካሜራው ያየው ደሙን ነው፤ ያበራውን ግን አላየም። በርታ በይው። እስከ በዓሉ ድረስ ጥቂት ነው የቀረው፤ እንዳይለቅ።

አባትሽ ሙላቴ


ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

አባየ፣

የእርስዎ መልስ ገና አልደረሰኝም። አስናቀ መንገድ ተዘግቶበት ወዲያ ማዶ ቀርቷል ይላሉ። ይህም ወረቀት መቼ እንደሚደርስዎ አላውቅም። እጽፋለሁ እንጂ ምን አደርጋለሁ? እዚህ የማወራው ሰው የለኝም።

ሥጋው ጠርዙ ላይ ቀለሙ ተለወጠ። በመጀመሪያ ያየችው ነርሷ ናት፤ ቅንድቧን አነሣች። ዶክተር ፋሲካ መጥታ ካሜራውን አልጋው ድረስ አስመጣች። መጋረጃ ጋረዱ፣ መድኃኒቱን ሰጡት፤ እኔንም ከእግሩ ሥር እንድቆም ፈቀዱልኝ። መካከሉ በራ። ጠርዙ ግን እየጠበቅነው፣ እየጠበቅነው አልበራም። ዶክተሯ «ትንሽ እንቆይ» አለች። ቆየን። በውጪው በኩል ከላይ እስከ ታች ጥቁር ሆኖ ቀረ።

የተሰፋው ደም ሥር ደህና ነው ትላለች። እሷን ያስጨነቃት ሌላ ነው። የደም ግፊቱ ወርዷል፣ ልቡ ይሮጣል፣ ደሙ ውስጥ ምግብ የለም። ሰውነት ውሃ ሲያጣ ደሙን ለልብና ለአንጎል ይቆጥባል፤ የመጨረሻው ጠርዝ ላይ ያለ ሥጋ ነው መጀመሪያ የሚራበው አለችኝ። «ትጠጣለህ?» አለችው። «እጠጣለሁ» አላት። «ትበላለህ?» «እበላለሁ።» እኔም አጠገቡ ቆሜ አዎ፣ ሳህኑ ባዶውን ነው የሚመለሰው እያልሁ መሰከርሁ። ግሉኮሱን መልሰው ተከሉለት። ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሥጋ የሚቆመው በምግብ ነው አለች። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ጥቁረቱ ወደ መካከል ከገባ ሥጋው በሙሉ ይሞታል። ያኔ ሁለተኛ የሚተከል ሥጋ አይኖርም፤ የሚቀረው መቁረጥ ነው።

ከሰዓት በኋላ በጎኑ አልጋ የተኛው አቶ ይርጋ የሚባል ሰውየ፣ አስታማሚ የሌለው፣ ጠራኝና «እኅቴ፣ ወጥሽ ጨው ይበዛዋል እንጂ እጅሽ ይባረክ» አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ዘላለም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ጊዜ ገባኝ። ምሳውንም ራቱንም የሚበላው አቶ ይርጋ ኖሯል።

ጮኽሁበት፣ አባየ። የታመመ ሰው ላይ ጮኽሁ። «ሱባኤ ይዣለሁ» አለኝ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እፍኝ ቆሎ፣ አንድ ኩባያ ውሃ፣ ይኸው ነው። «ለሐኪሟም አልዋሸሁም፣ እጠጣለሁ፣ መቼ እንደምጠጣ አልጠየቀችኝም» ይላል። «ማን አዘዘህ?» አልሁት። «አባየ» አለኝ።

እውነት ነው እንዴ? እባክዎ እውነት አይደለም ይበሉኝ።

አመተማርያም


ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

አባየ፣

መልስዎ ዛሬ ደረሰኝ። በርታ በይው፣ እንዳይለቅ የሚለው። በር ላይ ቆሜ አነበብሁትና ወደ ኪሴ ከተትሁት፤ ለዘላለም አላሳየሁትም።

ያደረግሁትን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ቢረግሙኝም መጨረሻውን ካነበቡ በኋላ ይርገሙኝ።

ለሁለት ቀን ለመንሁት። ዶክተር ፋሲካም እውነቱን ከነገርኋት በኋላ አልጋው ላይ ተቀምጣ እንደ እናት ለመነችው። እሷም ጾመኛ ናት፤ «እኔ ያንተን ጾም አልንቅም፤ የታመመ ሰው ግን ቀኖናው ቀሎለታል» አለችው። እሺ ይላታል። ስትወጣ ኩባያውን ይመልስልኛል። «ብለቀው እግሬ በምን ይድናል?» ይለኛል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ አባየ። እግሩን የሚገድለው ያ መሆኑን ማንም ሊያስረዳው አልቻለም፤ ምክንያቱም ከማንም በላይ እርስዎን ያምናል። ዶክተሯ ኮሪደር ላይ ይዛኝ «ይህን ልጅ ማን ቢያዘው ይሰማል?» አለችኝ። አባቱ አልኋት። «እንግዲያው አባቱ ይደውሉለት» አለች። ስልክ የለም እኮ ነው ያልኋት።

ወረቀትዎን ካነበብሁ በኋላ ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስል ቆየሁ። ከዚያ ስልኬን በእጄ እንደ ያዝሁ እየሮጥሁ ገባሁ። «ተከፈተ! አባየ ደወሉ! አሁን ተቋረጠ» አልሁት።

ቀና አለ። «ምን አሉ?»

የእርስዎን ድምፅ አወጣሁ። «አንተ ልጅ» ብየ ጀመርሁ፣ ተማሪ ሲቆጡ እንደሚሉት። «አንተ ልጅ፣ ሱባኤውን እኔ እፈጽምልሃለሁ። ጠጣ፤ ብላ። ሐኪሟን ስማ» አሉ አልሁት።

«ቄስ አለሙስ ምን አሉ?» አለኝ። የነፍስ አባቱን እንደሚጠይቅ እንዴት እንዳላሰብሁ! «ቄስ አለሙም ፈትተውሃል» አልሁት። ዓይኑን አላነሣልኝም። እኔም አላነሣሁም። ከዚያ «ስጭኝ» አለ። ውሃውን ሲጠጣ እንባው ኩባያው ውስጥ ይወርድ ነበር። ጾሙን ስለሻረ ይሁን እርስዎ ስለራሩለት አላውቅም። ሾርባ አመጣሁለት፣ ጠጣ። እንቁላል አመጣሁለት፣ በላ። አቶ ይርጋ ምሳው ስለ ቀረበት ሲስቅ ነው የዋለው።

ነገ ጠዋት ካሜራው ይመለሳል። ቢበራም ባይበራም በእርስዎና በነፍስ አባቱ ስም ዋሽቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ባይበራና እግሩ ቢቆረጥ፣ ጾሜን ስለሻርሁ ነው ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ያምናል። ያን ቀን እውነቱን ሰምቶ እኔንም ቢጠላኝ፣ የሚቀርለት ማን ነው? እውነቱን ይንገሩት ወይስ ይደብቁት፣ እርስዎ ይወቁበት።

አመተማርያም


ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጋፋት

ለልጄ ለአመተማርያም

ስልኩ መከፈቱን አውቃለሁ። ይህን ግን በስልክ ልነግርሽ አልችልም፤ ዘላለም አጠገብሽ ነው። ስለዚህ ተቀመጭና አንብቢ።

ሁለቱ ወረቀቶችሽ አንድ ላይ የደረሱኝ በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ነው። እናትሽ «አንብቡልኝ» ብላ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። አነበብሁላት። ቆሎና ውሃው ዘንድ ስደርስ ዘለልሁ። «ዘለሉ» አለችኝ። «ምን ዘለልሁ?» አልኋት። «ድምፅዎ ዘለለ፤ የዘለሉትን ያንብቡ» አለችኝ። ሁሉንም አነበብሁላት። ያዘዝሁት እኔ እንደሆንሁም ነገርኋት።

አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። ተነሥታ በጣሳ ውሃ ቀድታ መጣችና መሬት ላይ አስቀመጠችልኝ። ገና ቅዳሴ አልተገባም። «ይጠጡ» አለችኝ። ሱባኤ ላይ መሆኔን ታውቃለች። «እሱ በዚያ ገላው ጾሟል፤ እርስዎ በደህናው ገላዎ ጾመው ምን ያደርጋል? ይጠጡና ልጄን ከዚያ ጣጣ ያውጡት» አለች። ጠጣሁት። ዕድሜየን ሙሉ እንዲህ የከበደኝ ውሃ የለም።

ከዚያ ቄስ አለሙ ዘንድ ሄድሁ። የዘላለምን ጾም ይፍቱልኝ አልኋቸው። «የታመመን ልጅ ማን አሰረውና ነው የምፈታው?» አሉኝ። እኔ አልኋቸው። «መሪጌታ፣ ስንቱን ልጅ መጽሐፍ ያስተማሩ ሰው ነዎት» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ብዙ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ ግን በስማቸው ያልሽውን ስነግራቸው «በእኔ ስም የተባለውን እኔ ብየዋለሁ በሏት» ብለው ልከውልሻል። አንዱ ውሸትሽ በዚህ ተከፍሏል።

ትናንት ተማሪዎቹ ከወንዙ በላይ ጉብታው ላይ ኔትወርክ ተገኘ እያሉ ሮጠው መጡ። እናትሽ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ወጣን። ስልክሽን ያነሣው ዘላለም ራሱ ነው። አንቺ መድኃኒት ልትገዢ ወጥተሽ ኖሯል። ድምፁን ስሰማ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ካሜራው ሁለት ጊዜ እንደ ታየለት ነገረኝ። በመጀመሪያው ቀን ጥቁረቱ ባለበት ቆሟል፣ ወደ ውስጥ አልገባም። በሁለተኛው ጠርዙ በርቷል፤ ጣት የምታህል ብቻ ቀርታ እሷን ቆርጠው ስስ ቆዳ ይለጥፉባታል። እግሩ አይቆረጥም። ይህን ሲለኝ ስልኩን ለእናትሽ ሰጠኋት፤ እልልታዋን ማዶ ያሉ ገበሬዎች ሰምተው ቀና አሉ።

ስልኩን መልሳ ሰጠችኝ። ተቋረጠ መሰለኝ። «አለህ?» አልሁት።

«አባየ» አለኝ፣ «የዚያን ቀን ጠጣ ያሉኝ በእውነት እርስዎ ነዎት?»

እናትሽ አየችኝ። ያልሰማውን ሰማሁ ያለ ተማሪ ከእኔ ጉባኤ እንደሚባረር ታውቂያለሽ። ልጁም ይህን ያውቃል፤ አባቱ እንደማይዋሸው ስለሚያውቅ ነው የጠየቀኝ። አንቺ በስሜ የተናገርሽውን ቃል እኔ አስቀድሜ ልናገረው ይገባኝ እንደነበር ልነግረው ነበር፤ ተውሁት። ያን ብነግረው ጾሙንም አባቱንም እኅቱንም በአንድ ቀን ያጣል።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልሁት።

አባትሽ ሙላቴ